የማግስቱ ሯጭ፦ የጫጫዋ ጌጤ ዋሚ የስፖርት ሕይወት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጫጫንና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር እስኪደርስ ድረስ ከደጋው አይወርድም፤ ደብረ ብርሃን ከተማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ የጣርማ በር አፋፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለና ጉም ሲወርድበት ሾፌሮች በቀትር መብራት አብርተው የሚያልፉበት ነው። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው ባበጁት ዋሻ የወጣ መኪና ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ቁልቁለት ብቻ ነው፤ በደብረ ሲና በኩል ተጠማዝዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ይወርዳል፣ ተሳፋሪውም ጋቢውን አውልቆ መስኮት መክፈት ይጀምራል። ከዋሻው ወዲህ ያለው አምባ ግን ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና የሚሠራበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን አንጥቶ የሚያድርበት አገር ነው።

ይህ የሰሜን ሸዋ ደጋ ለኢትዮጵያ ሩጫ የሰጠው ሰው ጥቂት አይደለም። በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1932 የተወለደው በዚሁ በሰሜን ሸዋ ምድር፣ ጃቶ በተባለች መንደር ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጌጤ ዋሚ ደግሞ ታኅሣሥ 11 ቀን 1974 ከደብረ ብርሃን በስተደቡብ ምዕራብ፣ በዚያው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጫጫ ተወለደች። የአበበ ስም በሐውልትና በስታዲየም ሲታወስ የጌጤ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከደራርቱ ቱሉ በኋላና ከጥሩነሽ ዲባባ በፊት ባለው ክፍተት፣ እንደ መሸጋገሪያ ነው፤ ይህ አቀማመጥ ግን የሠራችውን ሥራ አያሳይም። በአጨራረስ ፍጥነት ከእሷ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ነበሩ፤ በኦሊምፒክ ወርቅም እንዲሁ። ጌጤን ከሁሉም የሚለያት ከአንድ ከባድ ውድድር በኋላ፣ ሌላው ሯጭ እግሩን ሲያሳሽና ሲተኛ፣ እሷ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለሌላ ከባድ ውድድር መሰለፍና በዚያም ከቀዳሚዎቹ ጋር መጨረስ መቻሏ ነው። የስፖርት ሕይወቷ ከጭቃ ሜዳ እስከ አስፋልት በዚህ በአንድ ችሎታ የተያያዘ ነው።

ለዚህ ችሎታ በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ምክንያት የትውልድ ቦታዋ ከፍታ ነው። በባሕር ዳርቻም ሆነ በጣርማ በር አፋፍ ላይ ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 ከመቶ ገደማ ነው፤ የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 70 ከመቶ ስለሚቀንስ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ኩላሊት ይህን ጉድለት ሲያገኝ ኢሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን፣ ማለትም የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሴሎችን አብዝቶ እንዲሠራ የሚያዘውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ቀይ የደም ሴሎች ሲበዙም በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን ለጡንቻ የሚያደርሰው ኦክስጅን ይጨምራል። እንዲህ ባለ ደም ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ የሚሮጥ ሰው ትንፋሹ ይረዝማል፣ ከድካም በኋላም ቶሎ ይመለሳል።

ይሁንና ይህ ማብራሪያ ብቻውን ሲነገር አንድ ነገር ይዘነጋል። በዚያው አየር የሚተነፍሰው የመንዝ እረኛም፣ የአንኮበር ገበሬም፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛም ነው፤ ከፍታው ለሁሉም እኩል የተሰጠ ስጦታ ሆኖ ሳለ ከሺዎች መካከል አንዷን ለዓለም ሻምፒዮናነት ያደረሳት ሥልጠና፣ ፉክክርና ዓመታት የወሰደ ትዕግሥት ነው። የኢትዮጵያን ድል ለአየሩ ብቻ የሚሰጥ የውጭ ጸሐፊ፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ ሯጮቹ ጎህ ሳይቀድ የሚሠሩትን ሥራ ከሒሳቡ ያወጣዋል።

ጌጤ በዓለም መድረክ ጎልታ የታየችው በ1996 ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር በደቡብ አፍሪካዋ ስቴለንቦሽ የተካሄደውን የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አሸነፈች፤ በነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ በአትላንታ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ፖርቱጋላዊቷን ፈርናንዳ ሪቤሮንና ቻይናዊቷን ዋንግ ጁንሺያን ተከትላ በ31 ደቂቃ ከ6.65 ሰከንድ የነሐስ ሜዳልያ አገኘች። በዚያ ውድድር አራተኛ የወጣችው በ1992 ባርሴሎና ላይ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የሴቶች ኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነችው ደራርቱ ቱሉ ነበረች። የ21 ዓመቷ የጫጫ ልጅ ከደራርቱ ቀድማ መግባቷ የእነዚህ የሁለቱ ሴቶች የረጅም ዘመን ፉክክር አንዱ መነሻ ነው፤ ፉክክሩም በአንድ መለያ ውስጥ ሆኖ የሚካሄድ በመሆኑ፣ ተመልካቹ ባንዲራውን ሲያይ ሯጮቹ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

አገር አቋራጭ ውድድር ማለት ከመም ውጭ፣ በሣር፣ በጭቃ፣ በዳገትና በቁልቁለት ላይ የሚካሄድ ሩጫ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሩጫ ዓይነቶች የሚለየው የግልም የቡድንም ውድድር በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው። በሴቶች ረጅም ርቀት አንድ አገር እስከ ስድስት ሯጮች አሰልፎ የአራቱ ቀዳሚዎች ደረጃ ይደመርለታል፤ አነስተኛ ድምር ያለው አገር ያሸንፋል። ስለዚህ ሜዳልያ የማታገኘው አራተኛዋ ሯጭ በመጨረሻው ዳገት ላይ የምታልፋት አንዲት ተቀናቃኝ ለአገሯ አንድ ነጥብ ታተርፋለች፤ ከፊት ያለችውም ብትደክም ውድድሩን ለማቋረጥ ነጻነት የላትም። ጌጤ በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያደገችው። ከ1996 እስከ 2001 በተካሄዱት ስድስት የዓለም ሻምፒዮናዎች በረጅሙ ርቀት አንድም ጊዜ ከሦስተኛ ደረጃ ወርዳ አታውቅም፤ ስቴለንቦሽ ላይና በ1999 ቤልፋስት ላይ አንደኛ፣ በ1997 ቱሪንና በ1998 ማራኬሽ ላይ ሦስተኛ፣ በ2000 ቪላሞራና በ2001 ኦስተንድ ላይ ሁለተኛ ሆናለች። አየሩም መሬቱም ተጋጣሚውም በየዓመቱ በሚለዋወጥበት ውድድር እንዲህ ያለ ወጥነት ከአንድ የኦሊምፒክ ድል ያነሰ ክብር የሚገባው አይመስልም።

ከስድስቱ ውስጥ የሯጯን ባሕርይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የኦስተንዱ ነው። ሻምፒዮናው መጀመሪያ የታቀደው አየርላንድ ደብሊን ላይ ቢሆንም፣ በዚያ ዓመት በብሪታንያና በአየርላንድ ከብቶች ላይ የአፍና የእግር በሽታ በመከሰቱ ወደ ቤልጂየሟ የባሕር ዳር ከተማ ኦስተንድ፣ ወደ አንድ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ተዛወረ። መጋቢት 24 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የ7.7 ኪሎ ሜትሩ ረጅም ውድድር ሲካሄድ ጌጤና እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ሌሎቹን ጥለው ለብቻቸው ወጡ፤ ፓውላ በ27 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ስትገባ ጌጤ በሦስት ሰከንድ ተከተለቻት። በዚያ ዘመን ሻምፒዮናው ከረጅሙ ሌላ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አጭር ርቀትም ነበረው፤ ይህ ርቀት ከ1998 ጀምሮ እስከ 2006 ብቻ የቆየ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አገሮች ለሁለቱ የተለያዩ ሯጮችን ያሰልፉ ነበር። እሑድ ግን ሁለቱ ሴቶች እንደገና በመነሻው መስመር ላይ ቆሙ። ትናንት በጭቃው ከስምንት ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያንስ የሮጠ ጭን ዛሬ ከዚያ ይልቅ ፈጣን በሆነ ውድድር ሲፈተን ምላሽ የሚሰጠው በመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ሜትሮች ነው፤ በእነዚያ ሜትሮች ላይ ጌጤ ፓውላን አልፋ ገባች፤ ሰዓቷ 14 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ተብሎ ሲመዘገብ ወርቁ ወደ ጫጫ፣ ብሩ ወደ እንግሊዝ ሄደ። የነሐሱ ባለቤት ወርቅነሽ ኪዳኔ ነበረች።

ከዚህ በፊት፣ ነሐሴ 26 ቀን 1999 ስፔን ሴቪያ ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ በመም ላይ ትልቁን ድሏን ያገኘችውም ያችኑ ፓውላን ቀድማ ነው። የ10,000 ሜትር ውድድር በ400 ሜትር መም ላይ 25 ዙር ነው፤ ከፊት የሚሮጥ ሰው ነፋሱን በደረቱ እየከፈለ፣ ፍጥነቱንም እየወሰነ ሲሄድ ከኋላው ያለው ከነፋሱም ከሐሳቡም ያርፋል። ፓውላ በአጨራረስ ፈጣን አለመሆኗን ታውቅ ስለነበር የእሷ ብልሃት ከመጀመሪያው ጀምሮ ፍጥነቱን በማክረር ሌሎቹን አስቀድሞ ማድከም ነበር፤ በሴቪያ ሙቀትም ይህንኑ አደረገች፤ ሯጮቹ በየዙሩ እየተንጠባጠቡ ሲቀሩ ጌጤ ግን ጥላዋን አልለቀቀችም። በመጨረሻው ዙር ወጥታ አለፈቻት፤ 30 ደቂቃ ከ24.56 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ዙር በአማካይ 73 ሰከንድ ፈጅታ የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን ሰበረች። ፓውላ በ30:27.13 ሁለተኛ፣ ኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፔ በ30:32.03 ሦስተኛ ወጡ። ከ25 ዙር 24ቱን የመራ ሰው በ25ኛው መሸነፉ ለብዙ ተመልካች ግፍ ይመስላል፤ ይሁንና ሁለቱ ሴቶች የሮጡት ፍጥነት አንድ ነው፣ ልዩነቱም ከ24 ዙር በኋላ በማን እግር ውስጥ ምን ቀረ የሚለው ብቻ ነበር።

በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የተሸከመችው ጭነት ከዚህም የከፋ ነው። ለሁለቱም፣ ለ5,000ውም ለ10,000ውም ተሰልፋ፣ መስከረም 22 ቀን የ5,000 ማጣሪያ፣ በ25 ፍጻሜውን፣ በ27 የ10,000 ማጣሪያ፣ በ30 ፍጻሜውን ሮጠች፤ በዘጠኝ ቀናት ውስጥ በዓለም ታላላቅ ሯጮች ፍጥነት 30 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በ5,000ው ሮማኒያዊቷ ጋብሬላ ሳቦና አየርላንዳዊቷ ሶንያ ኦሱሊቫን ሲቀድሟት እሷ ከአሸናፊዋ በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ዘግይታ በ14:42.23 ነሐስ ወሰደች። ከአምስት ቀን በኋላ በ10,000ው ደራርቱ ቱሉ በመጨረሻው ዙር እንደ አውሎ ነፋስ ወጥታ በ30:17.49 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ጌጤ በ30:22.48 ብሩን ያዘች፤ ሦስተኛዋ ሪቤሮ ከእሷ በ40 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር የተለየችው። ደራርቱ ለዚያ ቀን አንድ ርቀት ብቻ ይዛ መምጣቷን፣ ጌጤ ደግሞ በእግሯ ውስጥ ሌላ ሜዳልያ ተሸክማ መቆሟን የሚያስታውስ የውጤት ሰንጠረዥ የለም። በዓመቱ በ2001 ኤድመንተን ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ውድድር ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተከታትለው በመግባት ሦስቱንም ሜዳልያ ለኢትዮጵያ አስገኙ፤ ፓውላ አራተኛ ሆነች።

እንዲህ ያለውን የስፖርት ሕይወት ለመረዳት በኢትዮጵያ እምብዛም ካልታወቀ ስፖርት፣ ከራግቢ፣ አንድ ሙያ መጥቀስ ይጠቅማል። በራግቢ ዩኒየን አንድ ቡድን 15 ተጫዋቾች ሲኖሩት፣ አንዳንድ ቀላል ጥፋቶች ሲፈጸሙ ጨዋታው የሚቀጥለው ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ሰዎች ጎንበስ ብለው፣ እርስ በርስ ተቆላልፈው በመገፋፋት ነው፤ ይህ ግፊያ ስክረም ይባላል። በፊተኛው መስመር በግራና በቀኝ የሚቆሙት ሁለት ከባድ ተጫዋቾች ፕሮፕ የሚባሉት ሲሆኑ፣ ከኋላቸው የጓዶቻቸውን፣ ከፊታቸው የተጋጣሚውን ኃይል በአንገትና በትከሻ ይሸከማሉ፤ ኳስ ይዞ ሮጦ ነጥብ ማስቆጠር ብዙውን ጊዜ የሌሎች ዕጣ ነው። ሐራሬ ተወልዶ ለደቡብ አፍሪካ የተጫወተው ቴንዳይ ምታዋሪራ በዚህ ቦታ ከ2008 እስከ 2019 ለአገሪቱ 117 ጊዜ ተሰልፎ፣ የዓለም ዋንጫን ያነሳው እንግሊዝን 32 ለ 12 ባሸነፉበት በዮኮሃማው ፍጻሜ፣ በ34 ዓመቱ ነው። ክብደቱ ከ110 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ፕሮፕና የዚያን ግማሽ የማትሞላ የረጅም ርቀት ሯጭ በአካል የሚመሳሰሉበት ነገር የለም። ሙያቸው ግን ዘግይቶ የሚበስል፣ በአንድ ግፊያ ወይም በአንድ ውድድር ማሸነፍ ብቻ የማይመዘን፣ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ለሚመጣው አንገትን መልሶ ማቅናትን የሚጠይቅ ነው።

ጌጤም ብስለቷን ያገኘችው በአስፋልት ላይ ነው። ማራቶን፣ ማለትም የ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የጎዳና ሩጫ፣ ሰውነትን በሁለት መንገድ ይጎዳል፤ ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ስንቅ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ያልቃል፣ በሺዎች በሚቆጠሩ እርምጃዎች አስፋልት ላይ ያረፈ እግር ደግሞ የጡንቻ ክሮቹ ይቆስላሉ። ስንቁ በቀናት ውስጥ ሊመለስ ቢችልም ቁስሉ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ታላላቅ ሯጮች በዓመት ከሁለት ማራቶን በላይ መሮጥ የማይወዱትም ለዚህ ነው። ጌጤ በጥቅምት 2002 የመጀመሪያ ማራቶኗን አምስተርዳም ላይ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አሸነፈች፤ በቀጣዩ ዓመት ሴት ልጅ ወለደች፤ ከዚያም ተመልሳ በመስከረም 2006 በርሊን ላይ በ2:21:34 ስታሸንፍ፣ በዚያው ቀን በወንዶቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ቀዳሚ ሆኖ ገባ። የጌጤ ሰዓት አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ መሮጥ ማለት ነው፤ በማራቶን ምርጥ ሰዓቷም ይኸው ሆነ።

በዚያ ጊዜ ቦስተን፣ ለንደን፣ በርሊን፣ ቺካጎና ኒው ዮርክ ማራቶኖች ተባብረው የዓለም ታላላቅ ማራቶኖች ተከታታይ ውድድር የሚባለውን አቋቁመው ነበር። ሯጮች በሁለት ዓመት ውስጥ በሚሮጧቸው ማራቶኖች ለአንደኛ 25፣ ለሁለተኛ 15፣ ለሦስተኛ 10 ነጥብ ያገኙ ነበር፤ በመጨረሻ ከፍተኛውን ድምር የያዙት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለየራሳቸው 500,000 የአሜሪካ ዶላር ይወስዱ ነበር። ጌጤ በርሊንን ካሸነፈች በኋላ በሚያዝያ 2007 ለንደን ላይ ቻይናዊቷን ዡ ቹንሺዩን ተከትላ በ2:21:45 ሁለተኛ ወጣች፤ መስከረም 30 ደግሞ፣ ኃይሌ የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረበት ቀን፣ በርሊንን እንደገና በ2:23:17 አሸነፈች። ድምሩ 65 ነበር። ተቀናቃኟ ላትቪያዊቷ የሌና ፕሮኮፕቹካ 55 ነጥብ ይዛ፣ በ2005ና በ2006 ያሸነፈችውን ኒው ዮርክን ለሦስተኛ ጊዜ ለማሸነፍ ተዘጋጅታ ትጠብቅ ነበር። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ የሌና ካሸነፈች 80 ይሆንላታል፣ ስለዚህ ጌጤ ቤቷ ተቀምጣ ሽልማቱን መጠበቅ አትችልም፤ ከበርሊን በ35 ቀን ኒው ዮርክ ላይ መሮጥ አለባት።

ኅዳር 4 ቀን 2007 ውድድሩ ከስታተን አይላንድ ተነስቶ ትልቁን የቬራዛኖ ድልድይ ሲያቋርጥ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ሴቪያ ላይ የተገናኙት ሁለቱ ሴቶች እንደገና አብረው ነበሩ። ፓውላ በጥር ወር ወልዳ የተመለሰችበት የመጀመሪያ ማራቶኗ ነው፤ የሩጫዋ መንገድ ግን አልተለወጠም፤ ገና በጠዋቱ ፍጥነቱን አክርራ ሌሎቹን ጥላ ሄደች። ጌጤም እንደ ድሮው ከኋላዋ ተጣበቀች። በአምስቱ የከተማዋ ክፍሎች ውስጥ፣ በድልድዮቹ ዳገትና ቁልቁለት ላይ፣ ፓውላ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ከፊት፣ ጌጤ አንድ ሁለት እርምጃ ከኋላ ሆነው ለብቻቸው ተጓዙ። ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ ሊያበቃ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሲቀር ጌጤ ወጥታ አለፈች። በሴቪያ ይህ እንቅስቃሴ ውድድሩን ጨርሶት ነበር፤ በኒው ዮርክ ግን ፓውላ ወዲያው መልሳ ቀደመቻት፣ በ2:23:09ም አሸነፈች። ጌጤ በ2:23:32 ሁለተኛ፣ የሌና ሦስተኛ ገቡ።

የዚያን ቀን ዜና ስለ ፓውላ መመለስ ነበር፤ ከመዝገቡ የሚነበበው ሌላ ነው። ጌጤ በሜዳማው በርሊን የሮጠችበት ሰዓት በ35 ቀን ልዩነት ዳገታማው ኒው ዮርክ ላይ ከሮጠችበት የሚለየው በ15 ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ በመውጣቷ 15 ነጥብ ጨምራ ድምሯ 80 ሲሆን፣ የሌና በ65 ቀረች፤ የመጀመሪያው የተከታታዩ ውድድር አሸናፊዎች በሴቶች ጌጤ፣ በወንዶች ኬንያዊው ሮበርት ቼሪዮት ሆኑ። ያን የመሰለ ሽልማት ተሸንፎ መውሰድ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ የነጥቡ አሠራር ግን የተዘጋጀው ደጋግሞ ለሚመጣ ሯጭ በመሆኑ ከእሷ ይልቅ የሚስማማው ሰው በዘመኑ አልነበረም።

በሚያዝያ 2008 ለንደን ላይ ከቀዳሚዎቹ ጋር እየሮጠች ሳለ በውሃ ማደያው ጠረጴዛ አጠገብ ተደናቅፋ ወደቀች። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ሯጮች ስማቸው የተጻፈበትን የራሳቸውን መጠጥ ለማንሳት ወደ አንድ ጎን ሲሻሙ እግር ለእግር መጠላለፍ የተለመደ አደጋ ነው፤ በዚያ ርቀት ላይ የወደቀ ሯጭ ደግሞ ምቱን ካጣ ቡድኑን መልሶ መያዝ ይከብደዋል። ጌጤ ተነሥታ ከፊተኞቹ ጋር ተቀላቀለች፤ በ2:25:37ም ጀርመናዊቷን ኢሪና ሚኪተንኮንና ሩስያዊቷን ስቬትላና ዛካሮቫን ተከትላ ሦስተኛ ሆነች። የጌጤን የተከታታይ ውድድር አሸናፊነት ቀጥሎ የተረከበችው ያን ዕለት ያሸነፈችው ሚኪተንኮ ነበረች።